ሐሳብ ለሚሸሸው ሞተረኛ፦ የትኩረት ችግር ያለበት አዋቂ በሞተር ላይ አደጋን የሚቀንስባቸው መንገዶች

የአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሬቻ እንደ መኪና ከታጠፉ በኋላ በራሱ አይጠፋም። ሞተረኛው ታጥፎ መሪውን ያቀናል፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በኋላ ከጎን መንገድ ለመውጣት የቆመ ሹፌር መብራቱን ያይና «ይሄ ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይገባበታል። ሌላው ሞተረኛ ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ 20 ሰከንድ መታገሥ አቅቶት፣ ከኩርባው ወዲያ ያለውን ሳያይ ለመቅደም ይወጣል። የመጀመሪያው ስህተት ከመርሳት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ካለመቻል የመጣ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል፤ ማረሚያቸው ግን ይለያያል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር እንዳለባቸው በሐኪም ለተነገራቸው፣ ወይም ሳይኖርብኝ አይቀርም ብለው ለሚጠረጥሩ አዋቂ ሞተረኞች ነው። ሞተር ይተዉ አንልም። ብዙዎቹ ሞተር ላይ ሲወጡ ጭንቅላታቸው ጸጥ እንደሚል ይናገራሉ፤ እናምናቸዋለን። አደጋው ያለው መንገዱ አሰልቺ ሲሆንና ያንን ጸጥታ ለመመለስ ጋዝ ሲጨመር ነው። በመንገድ ላይ ራስን ለመግዛት ከመታገል ይልቅ ውሳኔው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ተወስኖ ያለቀ እንዲሆን ማድረግ ይሻላል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ርቀትዎን በዘገምተኛዋ ቅጽበትዎ ይለኩ

ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ሁልጊዜ ዘገምተኛ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ፈጥኖ ምላሽ ይሰጣል፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ምላሽ ከሌሎቹ ተለይቶ እጅግ ይዘገያል። ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ የሚያገኙት ምልክት ይህ የምላሽ ፍጥነት ወጥ አለመሆን ነው። ለሞተረኛ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ለሺህ ጊዜ የበቃ ርቀት ሐሳብ በሸሸበት በአንዱ ቀን አይበቃም።

በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዱ በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬን፣ ለማየትና ለመወሰን 1 ሰከንድ ከወሰደብዎ እስኪቆሙ 37 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ያ 1 ሰከንድ 2 ከሆነ ርቀቱ 54 ሜትር ይደርሳል። በ80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ደግሞ 1 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይም 57 ሜትር ያስፈልገዋል። ሁለት ሞተረኞች ጎን ለጎን እየሄዱ አንድን እንቅፋት እኩል አዩ እንበል። በ60 የሚሄደው በቆመበት ነጥብ ላይ በ80 የሚሄደው ገና በ60 ገደማ ፍጥነት እየበረረ ያልፋል። 20 ኪሎ ሜትር ጨመርኩ ማለት ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለሌላው ሞተረኛ የሚመከረው የ2 ሰከንድ ርቀት ለእርስዎ 3 ይሁን፤ በዝናብና በሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ። አለካኩ ቀላል ነው። ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ። ቆጥረው ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ቀርበዋል። ክፍተቱን አይተው መሀል የሚገቡ መኪኖች ይኖራሉ፤ ይግቡ። እያንዳንዱ የሚያስወጣዎ 2 ወይም 3 ሰከንድ ነው። መኪና ሲገባብዎት መናደድ የሚቀናዎ ከሆነ ስለ ቁጣ የተጻፈውን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

የእርስዎ ስህተት የትኛው ነው?

የሞተረኞችን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ችግሮቹን በ5 ዘርፍ ያዩአቸዋል፦ የትራፊክ ስህተት፣ ሞተሩን የመቆጣጠር ስህተት፣ የፍጥነት ጥሰት፣ ትርኢት ማሳየት፣ የመከላከያ ልብስ አጠቃቀም። ከሰው ጋር ሲከራከሩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሲጻፉ ግን ይለያያሉ። አንዲት ትንሽ ደብተር ይያዙና ለ2 ሳምንት፣ ከሞተር በወረዱ ቁጥር፣ ሄልሜቱን ከማስቀመጥዎ በፊት 4 ነገሮችን ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ዓይነት፣ ምን ሊደርስ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ዘግይተው ነበር? ምግብ ሳይበሉ? ከሰው ተጣልተው? የመድኃኒቱ ሰዓት አልፎ? «ምንም አልሆነም» የሚለውም መልስ ስለሆነ ይጻፍ። ማታ አስታውሼ እጽፈዋለሁ ያሉት ነገር አይጻፍም፤ ችግሩ ራሱ የማስታወስ ነውና።

ደብተሩ ላይ «ምልክቱን አላየሁትም»፣ «ፍሬቻ ረሳሁ»፣ «መገንጠያውን አለፍኩት» የሚሉ ከበዙ ሥራዎ ትኩረትን የሚያግዙ ልማዶች ላይ ነው። «ቀደምኩ»፣ «አሳደድኩት»፣ «ቢጫው ላይ ገባሁ» የሚሉ ከበዙ ደግሞ በስሜት ለሚወሰነው ነገር አስቀድሞ ሕግ ማውጣት ላይ ነው። ብዙ ሰው የቱ እንደሚበዛበት አስቀድሞ ሲገምት ይሳሳታል።

ምርመራ

ትኩረት ማጣት ሁሉ ኤዲኤችዲ አይደለም። የእንቅልፍ እጦት፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ የታይሮይድ ችግርና መጠጥ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው የመለያ መጠይቅ 18 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ለፈጣን ልየታ ያገለግላሉ፣ ከእነዚህ ቢያንስ ለ4ቱ የሰጡት መልስ መጠይቁ እንደ ምልክት የሚቆጥረው ድግግሞሽ ላይ ከደረሰ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል። መጠይቁ በር ማንኳኳት እንጂ ምርመራ አይደለም። ሐኪሙ ከ9 የትኩረት ምልክቶች ወይም ከ9 የቅብጥብጥነትና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 5 መኖራቸውን፣ ከ6 ወር በላይ መቆየታቸውን፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ በቤትም በሥራም መታየታቸውን፣ አንዳንዶቹም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን ይጠይቃል። የድሮ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካለ ይዘው ይሂዱ። ደብተሩንም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ17,000 በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን አዋቂዎች ተከታትሎ ለከባድ የትራንስፖርት አደጋ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ ግማሽ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በወንዶቹ ላይ መድኃኒት በወሰዱባቸው ጊዜያት አደጋው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ በሴቶቹ ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎችን ያየ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ መድኃኒት በተወሰደባቸው ወራት የተሽከርካሪ አደጋው በወንዶች በ38፣ በሴቶች በ42 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ሁለቱም ሞተርን ለብቻ ነጥለው ያዩ አይደሉም፤ በሁለት ጎማ ላይ ግን ለስህተት የሚተርፈው ቦታ ይብስ ይጠብባል።

መድኃኒቱና የመንዳት ሰዓት

ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሜቲልፌኒዴት ነው፤ በአጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት 3 ወይም 4 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ ቀስ እያለ የሚለቀቀው እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ከዚህ ተነሥተው ይቁጠሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወሰደ የ8 ሰዓት መድኃኒት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይደክማል፤ ከሥራ ወደ ቤት የሚመለሱበት፣ መንገድ የሚጨናነቅበትና ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ሰዓት ግን ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ሲወጣ አንዳንዱ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ብስጩና ቅብጥብጥ ይሆናል። ደብተርዎ ላይ የማታ ስህተቶች ከበዙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን በራስዎ አይቀይሩ፤ ገጹን ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሐኪም ሊያስተካክለው የሚችለው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያይ ነው። አቶሞክሰቲን የሚባለው ሌላው የኤዲኤችዲ መድኃኒት በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት «ድኛለሁ» ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲለወጥ ማዞር፣ የልብ ምት መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ሰውነትዎ እንዴት እንደተቀበለው እስኪያውቁ ሞተሩ ይቁም። መድኃኒቶቹ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጉ ብዙ ሰው ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ ከሰዓት በኋላ ይነዳል፤ ባይርብዎትም በሰዓቱ ይብሉ። የሌላ ሰው መድኃኒት ፈጽሞ አይውሰዱ። መድኃኒቱን ወይም ምርመራውን ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው ማሳወቅ ግዴታ የሚሆንባቸው አገሮች ስላሉ ያሉበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

ፍጥነት የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። የትኩረት ችግር ያለበት ሰው ጊዜን አሳንሶ ይገምታል፤ «5 ደቂቃ ይበቃኛል» ያለው 15 ይሆናል፣ ጉድለቱንም በጋዝ ሊከፍል ይሞክራል። ሒሳቡ ግን አያዋጣም። 10 ኪሎ ሜትር በ60 ቢነዱ 10 ደቂቃ፣ በ80 ቢነዱ 7 ደቂቃ ተኩል ነው፤ የተረፈውን ሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ሁለት የትራፊክ መብራት ይበላዋል። ስልክዎ ላይ ሁለት ደወል ያድርጉ፦ አንዱ መልበስ የሚጀምሩበት፣ ሌላው ከመነሻ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ቀድሞ በር የሚወጡበት። ከዘገዩም «ዘግይቻለሁ» የሚለው መልእክት ከመነሣትዎ በፊት ይላክ። አንዴ ከተላከ መቸኮሉ ዋጋ ያጣል።

ሞተሩን ለመፈተሽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይያዙ፤ ከፊት ጎማ ጀምሮ በአንድ ጎን ዞሮ ወደ ፊት ጎማ መመለስ ጥሩ ነው። ጎማው በቀዝቃዛነቱ በአምራቹ መመሪያ ልክ መነፋቱን፣ ሁለቱ ፍሬኖች መያዛቸውን፣ የፊትና የኋላ መብራትና ፍሬቻ መሥራታቸውን፣ የሰንሰለቱን ልልነት፣ ዘይቱን፣ በመጨረሻም የጎን መቆሚያው መታጠፉን ይዩ። እያዩ በእጅዎ ይንኩት። ዓይን ብቻውን የሚያውቀውን ነገር ሳያይ ያልፈዋል፤ እጅ ግን ይመሰክራል።

ስልክ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። መሪ ላይ የተሰካ ስልክ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለ2 ሰከንድ ሲታይ 33 ሜትር ሳይታይ ይታለፋል። መንገዱን አስቀድመው አይተው ሦስቱን ዋና መታጠፊያዎች በወረቀት ፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፈው ታንኩ ላይ ይለጥፉ። በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ያሉ ደግሞ ትእዛዝ የሚያነቡት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይዘው ብቻ ይሁን።

ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ግን በልክ ሆኖ ሲታሰር ነው። ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ የማይዞር ሄልሜት ሰፊ ነው፤ ከአገጭ በታች ባለው ማሰሪያ ውስጥ ከ2 ጣት በላይ መግባት የለበትም። ማሰሪያውን የሚረሱ ሰዎች ቁልፉን የሄልሜቱ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቁልፉን ለማውጣት ሄልሜቱን መያዝ ግድ ይላል።

በጉዞ ላይ

ለሸሸ ሐሳብ ከምናውቀው ሁሉ የተሻለው ዘዴ ሄልሜት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ የሚያዩትን መናገር ነው፤ የፖሊስ አሽከርካሪዎችም በዚህ ይሠለጥናሉ። አጭር ይሁን፦ «ግራ፣ ነጭ መኪና። ጎማው ዞሯል። አላየኝም። ጋዝ ቀንስ፣ ፍሬን ላይ ጣት።» አፍ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ዝም ብለው እንደቆዩ ያስተዋሉባት ቅጽበትም ሐሳብዎ የሸሸባት ቅጽበት ናት። ጉዞውን ሙሉ ማውራት ያደክማል፤ መስቀለኛ መንገድ፣ አደባባይና ሰው የሚበዛበት ሰፈር ላይ ይጠቀሙበት።

መስቀለኛ መንገድ ላይ የምናከርረው በምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ 900 የሞተር አደጋዎች በቦታው ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ጥናት ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላይ ቅድሚያ የነፈገው ሌላው ተሽከርካሪ ነበር። ሞተረኛው ብቻውን ከወደቀባቸው መካከልም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሞተረኛው ስህተት ነበር፤ የተለመደው ፍሬን አብዝቶ መንሸራተት ወይም በፍጥነት የተነሣ ከኩርባ መውጣት። ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቀርቡ ሁለት ጣቶችዎ የፊት ፍሬን ላይ ይረፉ፤ ከሹፌሩ ፊት ይልቅ የመኪናውን የፊት ጎማ ይመልከቱ፤ ሹፌር ዓይንዎን እያየ ላያይዎ ይችላል፣ ጎማ ግን መዞር ሲጀምር አይደብቅም። ታጥፈው እንደወጡ አውራ ጣትዎ የፍሬቻውን ማጥፊያ ይጫን፤ በርቶም ጠፍቶም ሁልጊዜ ይጫን። «በርቶ ይሆን?» ብሎ ማሰብ የሚጠይቅ ልማድ ይረሳል፤ ማሰብ የማይጠይቅ ግን ይቀራል። መስመር ሲቀይሩም ስፖኪዮ ካዩ በኋላ አንገትዎን ዞር አድርገው በትከሻዎ በኩል ይመልከቱ።

መቅደም ሕግ ይፈልጋል። ሕጉ የሚወጣውም ከጭነት መኪናው ኋላ ሆነው ሳይሆን ቤት ሆነው ነው፦ መጨረሻውን የማላየውን መንገድ አልቀድምም፤ «እደርስ ይሆን?» ብዬ ከጠየቅሁ መልሱ አይሆንም ነው፤ ከመውጣቴ በፊት ቀስ ብዬ እስከ 3 እቆጥራለሁ፤ አንዱን ከቀደምኩ በኋላ ወደ መስመሬ ገብቼ 10 ሳልቆጥር ሌላውን አልቀድምም። ቆጠራው ለግልፍታው ማለፊያ ጊዜ ይሰጣል። በ50 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ኋላ 20 ሰከንድ መቆየት፣ በ80 ነድተው ከሚያልፉት ጋር ሲነጻጸር፣ የሚያስከፍለው 7 ሰከንድ ተኩል ነው። መጠበቅ የሚያመው አእምሮ ይህችን ጊዜ ደቂቃዎች አድርጎ ያሳያል፤ ቁጥሩን ማወቅ ብዙ ይረዳል።

ቁጣ። አንድ መኪና ቢዘጋብዎ የጋዝ እጅዎ አይንቀሳቀስ። ትከሻ ይውረድ፣ መጨበጫው ይላላ፣ ትንፋሽ በረጅሙ ይውጣ። ሹፌሩን ለማየት፣ ለመስደብ ወይም ለመድረስ የተፈለገ እንደሆነ ቀጣዩ ደኅና ቦታ ላይ ዳር ይያዙ፤ ሞተር ይጥፋ፣ ሄልሜት ይውለቅ፣ 5 ደቂቃ። እየነዱ መረጋጋት አይሠራም፤ በቁጣ የተሞላ ሰው ከፊቱ ካለው አንድ መኪና ውጭ ሌላው መንገድ አይታየውም።

የለመዱት ቀጥ ያለ መንገድ ከኩርባ ይልቅ ያታልላል። ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል። በየጥቂቱ ፍጥነትዎን ይገምቱና ከዚያ መለኪያውን አይተው ያስተያዩ፤ «አሁን ከፊቴ ያለው ቢቆም በየት በኩል እወጣለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ በየ45 ደቂቃው ይውረዱ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚነዱበት ረጅም ጉዞ የንፋሱ ጩኸት ራሱ ትኩረትን ይበላል፤ ሕጉ በሚፈቅድበት የጆሮ መድፈኛ ድካሙን ይቀንሳል።

በቡድን ሲነዱ መድረሻ ነጥቦችን አስቀድመው ይስማሙ፤ «ላለመቅረት» ብሎ መሮጥ ለችኩል ሞተረኛ ወጥመድ ነው። ፍጥነትን የሚወድ ልብ ካለዎ፣ የሚመጣ መኪና በሌለበት በተዘጋ ሜዳ ያውጡት። ይህን የምንለው ፍላጎቱ ስለማይጠፋ ነው፤ ቦታ ካልተሰጠው መንገድ ላይ ይወጣል።

የፍሬን ልምምድ

በሚገባ የተለማመዱት ነገር ትኩረት አይጠይቅም። ሰው በሌለበት ደረቅ ሜዳ፣ ቀጥታ መስመር ላይ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይምጡና ምልክት ያደረጉበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከማቆም ኃይሉ ትልቁ ድርሻ የፊት ፍሬን ነው። በአንዴ አይቆንጥጡት፤ ክብደቱ ወደ ፊት እስኪዞር ቀስ ብሎ ይጫን፣ ከዚያ ይጠንክር። የፊት ጎማ ከተቆለፈ ወዲያው ይልቀቁና እንደገና ይጫኑ። ዓይንዎ ሩቅ ይመልከት እንጂ ጎማው ፊት መሬት ላይ አይውረድ፤ ሞተር ዓይን ወደ ዞረበት ይሄዳል። በደኅና ፍሬን 9 ሜትር ገደማ ላይ መቆም ይቻላል። 10 ጊዜ ይበቃል፣ በየ2 ሳምንቱ። ለ15 ደቂቃ ደጋግሞ መሥራት በወር አንዴ 2 ሰዓት ከመሥራት ይሻላል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የእርስዎ አእምሮ ልምምዱን ትቶ ይሄዳል። ሞተር የሚገዙ ከሆነም ከጉልበቱ ይልቅ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መኖሩን ያስቀድሙ፤ ዘግይቶ የነቃ ሰው ፍሬኑን በድንጋጤ ይቆነጥጣልና።

ሞተሩ የማይነሣበት ቀን

መጠጥ ከተጠጣ ሌላ ነገር መቁጠር አያስፈልግም፤ ሞተሩ ይቆማል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ደግሞ ብዙዎቹ አምሽተው ነው የሚተኙት። ለቀሪው የእኛ ምክር የሁለት ምልክት ሕግ ነው፦ ከ6 ሰዓት በታች እንቅልፍ፣ የተዘለለ መድኃኒት፣ ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ጠብ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ መዘግየት፣ ባዶ ሆድ። አንዱ ካለ ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ሁለቱ ካሉ በሌላ መጓጓዣ ይሄዳሉ። ዝርዝሩ ከቁልፉ መስቀያ አጠገብ ይለጠፍ፣ አብሮዎ የሚኖር ሰውም ይወቀው፤ ቁልፉን እንዲቀበልዎ ፈቃድ የሚሰጡትም በተረጋጉበት ቀን ነው።

ከ8 ሳምንት በኋላ ሌላ 2 ሳምንት ደብተሩን ይጻፉና ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። የመርሳት ስህተቱ ቀንሶ የፍጥነቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ስህተቶቹ ሁሉ አንድ ሰዓት ላይ ከተሰበሰቡ፣ ሁለቱን ገጾች ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።